አራት ዲግሪ የሚል ሳጥን ይዤ ሄግ ደርሼ ስመለስ

ሆላንድ ሄጄ መምጣቴን ቢሾፍቱ ውስጥ ያልሰማ ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው። እኔ በበኩሌ ለባጃጅ ሹፌሮቹም፣ ለፀጉር አስተካካዩም፣ ሰርግ ላይ አጠገቤ ለተቀመጠ ለማላውቀው ሰውዬም ነግሬያለሁ። ግን የነገርኳቸው ግማሹን ነው፤ ጀልባውን፣ ብስክሌቱን፣ ጥሬ ዓሣውን። የቀረውን ግማሽ እዚህ እጽፈዋለሁ። ስትስቁብኝ ፊታችሁን ስለማላይ በጽሑፍ ይሻለኛል።

ታምራት እባላለሁ፣ ሰፈር ውስጥ ታሜ ነኝ። ስልክና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤቱ በስምምነት ተለያየን፤ የተስማማው ትምህርት ቤቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ቪዲዮ ነው። እና በቪዲዮ ብቻ፣ ማንም እጄን ሳይዘኝ፣ አንድ ሳጥን ሠራሁ። የሳሙና ማስቀመጫ ታክላለች። ውስጧ ሙቀት የምትለካ ሴንሰር አለች። የጫጩት ማስፈልፈያ ውስጥ ትገባና ዲግሪውን በኢንተርኔት ወደ ባለቤቱ ስልክ ትልካለች። ዶሮ አርቢው ለቅሶ ቤትም ተቀምጦ የእንቁላሎቹን ሙቀት ያያል። በከተማችን እንዲህ የሠራ ሌላ ሰው የለም። ካለም አላሳየኝም።

አሁን ሙሉውን ነገር ያመጣችውን አንዲት መስመር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ስልኩ ላይ ቁጥሩ ቀርቶ ሰረዝ ይመጣ ነበር። ሰረዝ ያየ ሁሉ ይደውልልኛል። «ታሜ፣ ጫጩቶቼ አለቁ!» መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋብን ደግሞ ታውቃላችሁ። ምሳዬን እንኳ በሰላም መብላት አቃተኝ። ስለዚህ የስልኩ ፕሮግራም ውስጥ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ ሳጥኗ ዝም ካለች ስልኩ የመጨረሻውን ቁጥር ይድገም። በቃ። ስልኬ ጸጥ አለ። ደንበኛ ሁሉ «የታሜ ሳጥን ጨዋ ናት» ማለት ጀመረ። እኔም ጨዋ ነው ያደረግኳት። እኛስ ወገባችን እየተቆረጠ «እንዴት አደርክ» ሲሉን «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አይደል የምንለው?

አንድ ቀን ግን የእማማ ብዙነሽ እንቁላል ሙሉ በሙሉ ሳይፈለፈል ቀረ። መብራት ጠፍቶ አድሮ ነበር፣ ስልካቸው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት ሲል ነው ያደረው። ሄጄ አየሁት። ገባኝ። እና ምን አልኳቸው? «እማማ፣ ጥፋቱ የአውራ ዶሮው ነው። ሰነፍ ነው፣ እንቁላሉን አልነካውም።» አመኑኝ። ይህን ነገር ለማንም አልተናገርኩም።

ወደ ሆላንድ የወሰደችኝ የእማማ ብዙነሽ የእህት ልጅ ሳምራዊት ናት። ሮተርዳም ዶክትሬቷን ትማራለች። የምታጠናው ከኢንተርኔት ጋር የተያያዙ ዕቃዎች እንዴት እንደሚታለሉና እንዴት እንደሚታመኑ ነው። ለእረፍት መጥታ አክስቷ ቤት ሳጥኗን አየችና ወደደቻት። ወራት ሙሉ በስልክ እያስተማረችኝ ለእያንዳንዷ ሳጥን የራሷ የይለፍ ቃል፣ ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱ ማኅተም አደረግንላት። ያቺን አንዲት መስመር ግን አላሳየኋትም። አልጠየቀችኝማ። ሄግ ከተማ ውስጥ ለገጠር ጤና ኬላዎች የክትባት ፍሪጅ መለኪያ የሚፈልግ አንድ ቢሮ አገኘች። ሳጥኗን ይዤ ልመጣ፣ አንድ ቀን ሙሉ ሊፈትኗት፣ ካለፈች ጤና ኬላዎቹ ፍሪጅ ውስጥ ልትገባ። ነገሩ ይኸው ነው። ካለፍኩ ታሜ ጠጋኙ መሆኔ ቀረ ማለት ነው። ካላለፍኩ ግን ለባጃጅ ሹፌሮቹ ቀድሜ ነግሬያለሁ።

አርብ

ቦሌ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ ሳጥኖቹን አወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቴርሞሜትር።»

«ሽቦው ለምን በዛ?»

«ጎበዝ ቴርሞሜትር ስለሆነ።»

ያቺ ቀልድ ሰዓት አስበላችኝ። አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው አለቃ ጠሩ፣ አለቃው ሌላ አለቃ ጠራ። አውሮፕላኑ ውስጥ የገባሁት ሰው ሁሉ ቀበቶውን አስሮ ነው። መንገዱን ሙሉ አልቀለድኩም። ምግብ ስታመጣልኝ አስተናጋጇን «እሺ እመቤቴ» ብቻ ነው ያልኳት።

አምስተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉኝ ጋሽ ዘርይሁን ናቸው። ሳምራዊት የምትኖርበት የተማሪዎች ቤት እንግዳ አያሳድርምና ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዋ አደራ ሰጥታኛለች። ጋሽ ዘርይሁን በስደት መጥተው ዕድሜያቸውን ባቡር ሲያጸዱ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። በዚያ ሙቀት ከረባት አድርገዋል። አዎ፣ ሙቀት! ሆላንድ ብርድ ነው ብለውኝ ሁለት ሹራብ ደርቤ ነው የሄድኩት። የአዋሽ ሙቀት ሆኖ ጠበቀኝ።

«አንተ ነህ ሳይንቲስቱ?» አሉኝ።

«እንደዚያ ይሉኛል ጋሽ» አልኩ። ማንም ብሎኝ አያውቅም።

በአውቶብስ ስሎተርቫርት ወሰዱኝ። ፎቅ በፎቅ የሆነ ሰፈር ነው፤ ሥር ሥሩ ሱቅ፣ አትክልት ቤት፣ ዳቦ ቤት። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ደረጃውን ደረጃ አሉት እንጂ መሰላል ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የሚወጣው ጣሪያ ሊጠግን የሄደ ሰው ነው። እሳቸው ሻንጣዬን ካልያዝኩ ብለው ሲታገሉኝ መሃል ላይ ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ፀዳለ በር ላይ ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። ቱይስዞርግ ነው የሚሠሩት፤ ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠት። አርብ ነውና ሽሮና ቀይ ሥር ቀረበ። ከመብላታችን በፊት ጋሽ ዘርይሁን ፍሪጁን ከፈቱ። በሩ ላይ የመድኃኒት ካርቶኖች ተደርድረዋል።

«ኢንሱሊን ነው» አሉኝ። «የሦስት ወር መድኃኒቴ እዚህ ነው ያለው። ይሄ ፍሪጅ ከተበላሸ እኔም አብሬ ነው የምበላሸው።» ሳቁ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም የሚል አፍ አልተሰጠኝም። «ጋሽ፣ ነገ ጠዋት ፍሪጅዎ ስልክዎ ውስጥ ይገባል» አልኳቸው።

ቅዳሜ

ቁርስ ዳቦ ላይ ጥቁር አዝሙድ ነስንሰው ሰጡኝ። ቀመስኩት፣ ቸኮሌት ነው። ሽማግሌው ሰውዬ ዳቦ ላይ ቸኮሌት እየነሰነሱ «እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው የሚበላው» ይላሉ፣ ለራሳቸው ግን ስኳር ስላለባቸው አይብ ነው።

ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ከያዝኳቸው ሦስት ሳጥኖች አንዷን ፍሪጁ ውስጥ ከኢንሱሊኑ ጎን አስቀመጥኳት። ሶኬት ቸገረኝ። ከፍሪጁ ጀርባ ያለው አንድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያለ ማከፋፈያ ከቤቴ አልወጣም። የፍሪጁን መሰኪያ ነቀልኩና ማከፋፈያዬን ግድግዳው ላይ ሰክቼ ፍሪጁንም ሳጥኗንም እሱ ላይ አደረግኳቸው። ማከፋፈያዬ ቀይ መብራት ያላት ማብሪያ ማጥፊያ አላት፣ ቆንጆ ናት። ጋሽ ያኔ ዳቦ ሊገዙ ወርደው ነበር። ሲመለሱ ያዩት ስልካቸው ላይ የመጣውን 4.0 ብቻ ነው።

«አራት ዲግሪ!» አሉ። «ፀዳለ፣ ነይ እዪ፣ ፍሪጁ ያወራል!»

ልጃቸው ሊያ ከመኝታ ቤት ወጣች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እዚያው ተወልዳ ያደገች።

«ሄይ፣ አንተ ነህ እንግዳው? ፓፓ፣ ፍሪጁን ምን አደረግከው?»

«አደረጉት በይ!» አሉ እናቷ ከኩሽና።

«ያ ያ፣ አደረጉት።» ስልኩን ተቀብላ አየች። «ሌክር፣ አሪፍ ነው። ዋይፋይ ሲጠፋስ ምን ያሳያል?»

አያችሁ? ቢሾፍቱ ውስጥ ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ እሷ ጥርሷን እየፋቀች ጠየቀችኝ።

«ዋይፋይ እኔን አይጠፋኝም» አልኩና ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ከጓደኞቿ ጋር ባሕሩ ዳርቻ ላይ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ እየሄደች ነበርና ቦርሳዋን አንጠልጥላ «እስከ ሰኞ ዱይ» ብላ ወጣች።

ከሰዓት ባልና ሚስቱ ከተማ አሳዩኝ። ወደ አምስተርዳም ኖርድ የሚያሻግረው ጀልባ በነጻ ነው። በነጻ! ሁለት ጊዜ ተሻግሬ ረዳቱን ስፈልግ ነበር፤ ኋላ ላይ መጥቶ ሰው ፊት እንዳይጮህብኝ። ዳር ላይ ጥሬ ዓሣ በሽንኩርት ይሸጣሉ። ጭራውን ይዘህ ወደ ላይ ቀና ብለህ ነው የምትጎርሰው። እኛ ክትፎ የምንበላ ሰዎች ጥሬ ነገር አንፈራም ብዬ አንዱን ዋጥኩ። አንገቴ ላይ ቆሞ ትንሽ ካሰበበት በኋላ ወረደ።

ጀልባው ላይ እትዬ ፀዳለ ስለ ሥራቸው አጫወቱኝ።

«የፈረንጅ ሽማግሌ ‹እንዴት ነዎት› ስትለው የእግሩን ጥፍር ሳይቀር ይነግርሃል። ሆዴን፣ ጉልበቴን፣ እንቅልፌን፣ ልጄ አልደወለችም። መጀመሪያ ባለጌዎች መሰሉኝ። አሁን ግን ሥራዬ የቀለለው በእነሱ ነው። እኔ የምፈራው የኛን ሰው ነው። ‹ደህና ነኝ ልጄ› ይልሃል። በሦስተኛው ቀን ወድቆ ታገኘዋለህ።»

ጋሽ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ግን ዓሣው ተመልሶ የመጣ መሰለኝ።

እሑድ

ሮተርዳም የቤተ ክርስቲያኑ ንግሥ ነበርና በማለዳ ተነሣን። ባልና ሚስቱ ነጭ ለብሰዋል። ንግሡ ሲያልቅ ሮተርዳም ዙይድ ያለው የክርስትና ልጃቸው ኤፍሬም ቤት ሊያድሩ፣ እኔም እዚያው አድሬ ሰኞ ጠዋት ከቅርብ ወደ ሄግ ልሄድ ነው። ለፈተናው ያልኳቸውን ሁለት ሳጥኖች ይዤ ደረጃው ላይ ስጠብቅ ጋሽ «አንዴ ቤቱን ልየው» ብለው ተመለሱ። ቆዩ። መጡ። ሄድን።

ባቡሩን አልገልጽላችሁም፤ እንደ ውኃ ይሄዳል በቃ። ስትገባ ካርድ ታስነካለህ፣ ስትወጣ ታስነካለህ። ስወጣ ረሳሁትና ጋሽ ከኋላዬ እየሮጡ መለሱኝ። ሮተርዳም ላይ ሜትሮ ይዘን ከወንዙ ሥር ገብተን በዚያኛው ማዶ ወጣን። እኔ ወንዝ ሥር ገብቼ ልብሴ ሳይረጥብ የወጣሁ የቤታችን የመጀመሪያ ሰው ነኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ኤፍሬም ቤት ሰው ሞላ። ሳምራዊትም መጣች። ዶሮ ወጥ፣ ጠላ፣ ለስላሳ። የቤቱ ሙቀት ሌላ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ሰው በሳህን ያራግባል። በመሃል ጋሽ ዘርይሁን ስልካቸውን አውጥተው ከፍ አደረጉ።

«እዩ እስቲ! ስሎተርቫርት ያለ ፍሪጄን ዙይድ ተቀምጬ! አራት ዲግሪ!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። ደረቴን ነፋሁ፤ አልዋሽም፣ ጥሩ ስሜት ነው።

«የሚገርመው ደግሞ ምን መሰላችሁ» አሉ ጋሽ። «ቤቱን አጥፍቼ ነው የመጣሁት። እኔ ከልጅነቴም ልማዴ ነው፣ ከቤት ስወጣ የሚበራ ነገር አልተውም። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ፣ ያቺን የሱን ቀይ መብራት ያላትንም አጠፋኋት። እና ይኸው፣ ሳጥኑ ያለ መብራት ይሠራል!»

አጨበጨቡልኝ። እውነት ነው የምላችሁ፣ አጨበጨቡልኝ።

«ፍሪጁስ ጋሼ?» አለ ኤፍሬም።

«ፍሪጁማ ግድግዳው ላይ ነው የተሰካው። ሃያ ዓመት ሙሉ።»

አልነበረም። ግድግዳው ላይ እንዳልሆነ በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ዶሮ እግር ይዞ ተቀምጧል። ፍሪጁ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ቤቱ ተዘግቶ ይጋላል፣ የጋሽ ኢንሱሊን ውስጡ ነው፣ ስልኩ ደግሞ በየደቂቃው አዲስ ሰዓት እየጻፈ 4.0 ይላል።

«ባትሪ አላት እንዴ?» አለችኝ ሳምራዊት። እሷ ባትሪ እንደሌላት ታውቃለች።

«አዲስ ጨመርኩባት» አልኳት።

ለምን እዚያው አልተናገርኩም? በማግስቱ ፈተና ነበረ። ሳምራዊት ፊት ለፊቴ ነበረች። አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ይህ ምክንያት አይመስለኝም፣ ያኔ ግን ተራራ አክሎብኝ ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ ለሊያ ጻፍኩላት፤ «ቤት እንደገባሽ ማከፋፈያውን አብሪው፣ ቀዩን።» አልደረሳትም። ባሕሩ ዳርቻ ላይ ስልኳን ዘግታለች ወይ ባትሪዋ አልቋል። ከዚያ በኋላ የማደርገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ስልኬን እያወጣሁ ያንን ቁጥር ማየት። 4.0። ትንሽ ቆይቼ 4.0። የራሴን ሳጥን፣ በእጄ የሠራኋትን፣ አፍጥጬ እያየሁ የምትለውን ማመን አቃተኝ። ፍሪጁ አሁን አሥር ይሁን ሠላሳ የማውቅበት ምንም መንገድ የለኝም። እማማ ብዙነሽም ያን ሌሊት እንዲህ እያዩ ነው ያደሩት። ልዩነቱ እሳቸው አምነውኝ ተኝተዋል።

ያን ሌሊት እትዬ ፀዳለ «አልተመቸህም እንዴ ልጄ?» ብለው ትራስ ጨመሩልኝ። «ደህና ነኝ» አልኩ።

ሰኞ

ከሮተርዳም ሄግ በባቡር ቅርብ ነው፣ ከቢሾፍቱ ዱከም በሚኒባስ እንደመሄድ። ሳምራዊት መንገዱን ሙሉ «አትፍራ፣ ሳጥናችን ጠንካራ ናት» ትለኛለች። ሳጥናችን አለች። ጠዋት ጋሽ ኪሳቸው ውስጥ ባለው ብዕር መሰል መርፌ ሲወጉ አይቼ ነበር፤ እሱ ደህናው ነው፣ ይዘውት የሄዱት። ቀጣዩን የሚያወጡት ግን ከዚያ ፍሪጅ ነው። ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ፈታኟ ማሪት ትባላለች። ፀጉሯ ሽበት፣ እግሯ ሰንደል። ዋና ናት ብለውኝ በመኪና የምትመጣ ሴት ስጠብቅ በብስክሌት መጣች፣ የብስክሌቱ ጎማ ደግሞ ቆሽሿል። ሳምራዊት መሃል ሆና ታስተረጉማለች።

ከጠዋት እስከ ምሳ ማሪትና አንድ ባልደረባዋ ሳጥኗን ሊያታልሏት ሞከሩ። የይለፍ ቃሏን በኮምፒውተር ሊገምቱ ሞከሩ፣ አልሆነም። መሃል ገብተው የውሸት ቁጥር ሊልኩ ሞከሩ፣ ስልኩ አልቀበልም አለ። ከፈቷት፣ ዕቃዋን አገላበጡ፣ የሌላዋን ሳጥን ማኅተም ለጠፉባት፣ አወቀችባቸው። እዚህ ላይ ብኩራራ ማንም አይከለክለኝም፤ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው የሠራትን ሳጥን ሁለት ኢንጂነር ግማሽ ቀን ታግሎ አልጣላትም።

ማሪት አንድ ነገር ተናገረች፣ ሳምራዊት ዓይኗ በራ።

«ምን አለች?»

«‹ይህቺን ሳጥን ከውጭ የመጣ ሰው ሊያስዋሻት አይችልም› አለች።»

ከውጭ የመጣ ሰው።

«ከምሳ በኋላ ደግሞ መብራት እየነቀልን እናያለን» አለች ማሪት።

ምሳው ደረቅ ዳቦ፣ አይብና ወተት ነው። ትልልቅ ሰዎች፣ ሚስት ያላቸው፣ ተደርድረው ወተት ይጠጣሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት የምስቅበት ነገር ነበር። ላፕቶፔንና የፈተናውን ስልክ ይዤ ሽንት ቤት ገባሁ። ያቺን መስመር አጠፋኋት። በምትኩ «አላውቅም» የሚል ቃል አስገባሁ፤ ሳጥኗ ዝም ካለች ስልኩ ቁጥር ትቶ «አላውቅም» ይበል። ስልኩ ላይ ጫንኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ዓመት ሙሉ ያላደረግኩት ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ማሪት ነቀለች። ጠበቅን። ስልኩ ላይ «አላውቅም» መጣ። ሳምራዊት ተረጎመችላት። ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ብዙ ሰው ይህን ሳይሠራ ነው የሚመጣልኝ ትላለች» አለችኝ ሳምራዊት፣ ክንዴን እየጨበጠች።

ወረቀት መጣ። እስክሪብቶ መጣ። ማሪት በጣቷ አንድ መስመር አሳየችኝ።

«ደንበኞችህ ስልክ ላይ ያለውም ሁሉ እንዲሁ ነው ወይ ነው የሚለው» አለች ሳምራዊት። «አዎ ብለህ ፈርም።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። የኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳየው የነበረ ስልክ ነው፣ እጄ ራሱ አወጣው። የጋሽ ፍሪጅ፤ 26.8።

ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። ከታች የሊያ መልእክት አለ። «አሁን ገባሁ። ማከፋፈያህ ጠፍቶ ነበር፣ አበራሁት። ቅቤው ዘይት ሆኗል። ፓፓ የላከልኝ የአፑ ፎቶ ግን ሁለት ቀን ሙሉ 4 ይላል?? የፓፓ ኢንሱሊንስ?»

ብፈርም ማንም አያውቅም ነበር። ፍሪጁ ማታ ድረስ ይቀዘቅዛል፣ ሊያን በሆነ ቀልድ አሳልፋታለሁ፣ ጋሽ ካርቶኑን ቀዝቃዛ ሆኖ ያገኙታል። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፣ ቅዱስ አይደለሁም። ግን ጋሽ ያንን መድኃኒት ሲወጉ ታየኝ፣ ስልካቸውን ሰው ፊት ከፍ አድርገው «አራት ዲግሪ!» ሲሉም ታየኝ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ሳሚ፣ ልክ እንደምነግርሽ ተርጉሚላት። ሳትቀንሺ።»

ነገርኳቸው። መስመሯን፣ ማከፋፈያዋን፣ ሽንት ቤቱን፣ ሁሉንም። ሳምራዊት መሃል ላይ ትርጉሙን አቆመች። «ቆይ፣ ትላንት ባትሪ ያልከኝ…» አለች። «አዎ» አልኳት። ቀጠለች፣ ድምፅዋ ግን ሌላ ሆነ።

ማሪት ጨርሳ ከሰማች በኋላ ስለ ወረቀቱ አልነበረም የጠየቀችው።

«ሰውዬው ተደውሎላቸዋል ወይ ነው የምትለው» አለችኝ ሳምራዊት።

እዚያው ፊታቸው ደወልኩ።

«ጋሽ፣ ማታ ከፍሪጁ ምንም መድኃኒት እንዳያወጡ። ፍሪጁ ከትላንት ጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር።»

«ኧረ አራት ነው የሚለው፣ አሁን ሰው አሳይቼ…» አዲሱን ቁጥር አይተውት መሆን አለበት። «ሃያ ስድስት አለ።»

«ሃያ ስድስቱ ነው እውነቱ። አራቱን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሳጥኗ አይደለችም።»

«እሺ» አሉና ዘጉት።

ማሪት ወረቀቱን አጣጥፋ ማኅደሯ ውስጥ አስገባችው። አልቀደደችውም። በቢሾፍቱ ያሉ ደንበኞችህ ሁሉ ስልክ ላይ ያለውን ፕሮግራም ቀይር፣ እያንዳንዳቸው ቤት ሳጥኗን ነቅለህ ስልኩ «አላውቅም» ሲል ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ ያኔ እንደገና እናያለን አለች። እናያለን ብቻ ነው ያለችው።

ባቡር ውስጥ ሳምራዊት በመስኮት እያየች ቆየችና ዞረች።

«የአክስቴ እንቁላልስ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አውራ ዶሮው ነው አልካት እኮ!» አለች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። እሷ ልትስቅ ነው ልታለቅስ ነው አላወቅኩም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ

ጠዋት ከጋሽና ከሊያ ጋር አፖቴክ ሄድን፣ መድኃኒት ቤቱ። ካርቶኖቹን በፌስታል ይዣለሁ። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት፣ ሊያ ታስረዳታለች።

«ስንት ዲግሪ ደረሰ? ስንት ሰዓትስ ቆየ? ነው የምትለው» አለችን ሊያ።

ጋሽ ስልካቸውን አውጥተው የእሑድንና የሰኞን ዝርዝር አሳዩዋት። 4.0፣ 4.0፣ 4.0፣ እስከ ታች ድረስ። ከዚያ ድንገት 26.8። ፋርማሲስቷ ጣቷን እያንሸራተተች ወረደች፣ ወጣች፣ ትከሻዋን ሰበቀች። ምን ያህል እንደሞቀ ቢታወቅ ምናልባት የሚተርፍ ነገር ይኖር ነበር አለች። ስለማይታወቅ ሁሉም ይጣላል። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ወደ ሰማያዊ በርሜል ከተተቻቸው። እያንዳንዱ ሲወድቅ ድምፅ ነበረው። ጋሽ ቆመው አዩ። አዲስ ተሰጣቸው፣ እሱ ተመስገን ነው።

ስንመለስ ደረጃው ላይ ቆም ብለው ትንፋሽ ወሰዱ። እኔ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ማከፋፈያህን ንቀላት።»

«እሺ ጋሽ።»

«ሳጥኗን ተዋት። ግን ያንን ‹አላውቅም› የሚለውን ለእኔም አድርግልኝ።»

አደረግኩላቸው። እትዬ ፀዳለ ሻንጣዬ ውስጥ ትልቅ አይብ ከተቱልኝ፣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። በር ላይ ሦስት ጊዜ ስመውኝ «ደህና ነህ?» አሉኝ። «አይደለሁም እትዬ» አልኳቸው። «ጎሽ» አሉኝ።

ከተመለስኩ በኋላ

ቢሾፍቱ ስደርስ አይቡን ለሰፈር አከፋፈልኩ፤ ግማሹ ሰው ሳሙና መስሎት ነበር። ከዚያ ቤት ለቤት ጀመርኩ። የስልኩን ፕሮግራም እቀይራለሁ፣ ሳጥን እነቅላለሁ፣ ፎቶ አነሣለሁ። ደንበኞቼ አልወደዱትም። «የድሮዋ ትሻል ነበር፣ አታስደነግጥም» ይሉኛል። ሁለቱ ሳጥኗን መልሰውልኛል። ስልኬ ደግሞ እንደ ድሮው መጮህ ጀምሯል። «ታሜ፣ አላውቅም ይለኛል!» «እንግዲያው ሄደው ይዩታ!» እላለሁ።

እማማ ብዙነሽን መጨረሻ ላይ ያደረግኳቸው ስለፈራሁ ነው። ግቢያቸው ገብቼ ቁጭ አልኩና ያን ሌሊት የጠፋው መብራት እንጂ አውራ ዶሮው ምንም እንዳላጠፋ ነገርኳቸው።

ሰፌዳቸውን አስቀመጡ።

«አረድኩት እኮ» አሉ።

«ማንን?»

«አውራ ዶሮውን። ሰነፍ ነው አላልከኝም? በሳምንቱ አረድኩት።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሥጋው ደግሞ እንደ ጎማ ነበር። ሲሮጥ የሚውል ዶሮ ነበር ለካ።»

የስልካቸውን ፎቶ አንሥቼ ለማሪት ላክኩ። የመጨረሻው ፎቶ ነው። መልስ እየጠበቅኩ ነው፤ ስልኬን በየሰዓቱ አያለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ፣ ለእማማ አውራ ዶሮ ልገዛ። አንዱ ሻጭ «ይሄ አንበሳ ነው፣ በአንድ ቀን አሥር ዶሮ» አለኝ፣ አለፍኩት። ሌላው «በሕይወቴ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አለ፣ አለፍኩት። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ቀይ ዶሮ በእግሩ ይዘው ቁጭ ብለዋል።

«አባት፣ ጎበዝ ነው?» አልኳቸው።

ዶሮውን አዩት። «እሱን እንኳ አላውቅም» አሉኝ።

እሱን ገዛሁት።